«ፋይን» የተከለከለበት ክፍል

እንግሊዝኛን የተማርሁት በዓይኔ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ መዝገብ ቤት ተቀምጬ፣ የውጭ አገር ሰዎች የጻፏቸውን ደብዳቤዎችና መጻሕፍት እያነበብሁ ጭብጣቸውን በአማርኛ ስጽፍ ኖሬአለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ እንድናገር የጠየቀኝ አልነበረም። በኋላ ደግሞ፣ እዚህ ማንሣት በማልፈልገው ምክንያት፣ በአማርኛም ቢሆን ብዙ አለመናገርን መረጥሁ። ወደ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ስንመጣ ዝምታዬ አብሮኝ መጣ። የሚያውቁን ሰዎች «ቋንቋው ከብዷቸው ነው» እያሉ ያዝኑልኝ ነበር፤ እኔም አላረምኋቸውም።

በሰባ አንድ ዓመቴ ትምህርት ቤት የገባሁት ባለቤቴን ስላመማት ነው። መታመሟንም ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የምንኖረው በከተማው ሰሜን በኩል፣ ፎቅ ላይ ባለች አፓርትመንት ነው። በበረዶው ወራት ባለቤቴ ከምድር ቤቱ የታጠበ ልብስ ይዛ ስትወጣ አራተኛው ደረጃ ላይ መቆም ጀመረች። ቅርጫቱን ታስቀምጥና፣ ቀኝ እጇን ከጎድን አጥንቷ ሥር ተጭና፣ የወደቀ ካልሲ የምትፈልግ መስላ ታጎነብሳለች። የወደቀ ካልሲ አልነበረም። ከላይ ሆኜ «ምን ሆንሽ?» ስላት፣ «ምንም፣ ተመስገን» ትለኛለች። ቅርጫቱን ልቀበላት ስወርድ ደግሞ ትቆጣለች።

ለመደበኛ ምርመራ ወደ ክሊኒክ ስትሄድ የወሰደችን ልጃችን ነበረች። ልጃችን ሉዊስ ሴንተር ትኖራለች፤ የምትሠራው ኒው አልባኒ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ፣ ሠራተኞችን በመቆጣጠር ነው። የዚያን ዕለት ግማሽ ቀን አስፈቅዳ መጣች። ነርሷ እንዴት እንደ ሆነች ስትጠይቃት ባለቤቴ «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» አለች፤ ልጃችንም ሰዓቷን እያየች «ሺ ኢዝ ፋይን» ብላ አስተላለፈች። ነርሷ ጻፈች። የተጻፈ ነገር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ዕድሜዬን በሙሉ ሳይ ኖሬአለሁና፣ ያ ጽሑፍ ደስ አላለኝም። ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ለልጅቷ ትንፍሽ እንዳትል። ሥራዋን ትታ እኔን ልትጠብቅ ነው?» አለችኝ።

በሁለተኛው ጊዜ ሁለታችን ብቻ ሄድን። ክሊኒኩ በስልክ አስተርጓሚ አቀረበልን።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ፣ አስተርጓሚዎ ነኝ» አለች አንዲት ወጣት ከስልኩ ውስጥ።

ባለቤቴ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ፣ «የኔ ልጅ፣ ድምፅሽን የማውቀው ይመስለኛል። የት ነው የምታስቀድሺው?» ስትል ጠየቀቻት።

«ይቅርታ እናቴ፣ ስለ ራሴ መናገር አይፈቀድልኝም።»

«እዚሁ ኮሎምበስ ነሽ ወይስ ሌላ ስቴት?»

«እሱንም አይፈቀድልኝም።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞራ «ይኸው፣ እሷው ናት» አለች በሹክሹክታ። ማን ማለቷ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚያም ድምፅዋን አስተካክላ «ምንም የሚያመኝ ነገር የለም፣ በያቸው» አለች። አስተርጓሚዋ ቃል በቃል አስተላለፈች፤ ጥፋት አልነበረባትም።

ይህን ጠባይ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ሕመም ድኖ ካላለፈ በቀር አይወራም። እኔም እንደ ማንኛውም ባል «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብዬ ተረትሁባት። «ተረትህን ለመጽሐፍህ» አለችኝና ወደ ማድ ቤት ገባች። ልጃችን እንዳትሰማ፣ የአገር ሰው እንዳያስተረጉም ከተባለ፣ በሐኪሟና በባለቤቴ መካከል የሚቆም እኔ ብቻ ቀረሁ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር ባለ አዳራሽ ነው። በሳምንት ሦስት ጠዋት በባስ እሄዳለሁ። ለባለቤቴ ጊዜ ለማሳለፍ ነው አልኋት። መምህርታችን ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት ነበሩ፤ አጭር ነጭ ፀጉር፣ ሁልጊዜም የስፖርት ጫማ። በመጀመሪያው ቀን ነጭ ሰሌዳው ላይ «ፋይን» ብለው ጻፉና በቀይ ሰረዙት። በዚህ ክፍል «እንዴት ነህ?» ለተባለ ሰው ይህን ቃል መመለስ ክልክል ነው አሉ። እያንዳንዱ ሰው የዕለቱን ሁኔታ የሚገልጽ ሌላ ቅጽል ማምጣት ነበረበት።

ከፊቴ የሚቀመጠው ኔፓላዊ ሽማግሌ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ «ሀንግሪ» ይላል፤ ተርቤአለሁ ማለቱ ነው። ቁርሱን በልቶ ሲመጣም ያው ነው። እኔ ተራዬ ሲደርስ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምሁ። እኛ ዘንድ ተማሪ ለመምህር የሚመልሰው ቆሞ ነውና። መምህርቷ እንድቀመጥ በእጃቸው ለመኑኝ። ቆሜ ሳስብ ቆየሁ። ቅጽሎቹ አልጠፉኝም፤ በመቶ የሚቆጠሩ አውቃለሁ፤ በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ ደብዳቤዎች ውስጥ ያሉትን ሁሉ። የቸገረኝ ስለ ራሴ አንዱን መምረጥ ነበር። በመጨረሻ «ኳየት» አልሁ፤ ዝምተኛ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እውነት ነበርና እኔም ፈገግ አልሁ።

የንባብ እንግሊዝኛዬ በአፌ ሲወጣ ማንም አላወቀውም። «ስትሮንግ» ለማለት ስነሣ «እስትሮንግ» እላለሁ፤ ከፊቱ አንዲት «እ» ካልቀደመች ቃሉ ከአፌ አይወጣም። መምህርቷ ለእያንዳንዳችን ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ሰጡን። ወረቀቱን ከከንፈር ፊት ይዘን «ፔይን» ስንል፣ ሕመም ማለት ነው፣ ከመጀመሪያው ድምፅ በሚወጣው ትንፋሽ ወረቀቱ መወዝወዝ አለበት። የእኔ ወረቀት ንቅንቅ አይልም። በዕድሜዬ ሁሉ ያን ድምፅ ትንፋሼን ውጬ ስጠራው ኖሬአለሁ። ቤት ወስጄው መታጠቢያ ቤት መስተዋት ፊት ቆሜ ስለማመድ ባለቤቴ በሩን ገፋ አድርጋ አየችኝ።

«ምን ሆነሃል? ሻማ እያጠፋህ ነው?»

«የቤት ሥራ ነው።»

«ጉድ ነው! ሰው በሰባ ዓመቱ ወረቀት ይነፋል» ብላ ሄደች። የምለማመደው ቃል የእሷ እንደ ነበር አላወቀችም።

ከሁሉ የከበደው ግን ምላስን በጥርስ መካከል አውጥቶ የሚነገረው ድምፅ ነበር። እኛ «ዘ» ወይም «ሰ» ብለን የምናልፈው ነው። መምህርቷ ሁለት ሁለት ሆነን ፊት ለፊት እንድንቀመጥና አንዳችን የሌላችንን ምላስ እንድናይ አዘዙ። የእኔ ጥንድ አንዲት የአገሬ ልጅ ሆነች። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ ዕድሜዋ ከሠላሳ አምስት የማይበልጥ፣ ከሥራ በቀጥታ የምትመጣ ናት። አንድ ጊዜ አየችኝና ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ላይ ምላስ አውጥቼ የት እገባለሁ? እናቴ ብትሰማ ትረግመኛለች!»

«እኔስ ላንቺ ባወጣ ምን ልባል ነው?» አልኋት።

መምህርቷ ለምን እንደ ዘገየን ጠየቁ። ልጅቷ እየሳቀች አስረዳቻቸው፤ በአገራችን ለታላቅ ሰው ምላስ ማውጣት ስድብ ነው። መምህርቷ ትንሽ አሰቡና ወንበሮቻችንን ጀርባ ለጀርባ አዞሩልን። እንዲህ ሆነን፣ እኔ ግድግዳውን፣ እሷ መስኮቱን እያየን፣ ምላሳችንን አወጣን። ከጀርባዬ «ጋሼ፣ አወጡት?» ትለኛለች። «አውጥቻለሁ» እላታለሁ። «እሺ፣ እኔም አወጣሁ፣ እንዳይዞሩ!»

ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያዘጋጀሁትን የቃላት ዝርዝር ለክፍል ጥንዴ አሳየኋት። በንጹሕ ወረቀት ላይ ሕመምን የሚገልጹ ቅጽሎችን በሁለት ረድፍ ጽፌ ነበር። አነበበችው። ደረት ኪሱ ላይ የሥራ መታወቂያዋ በተንጠለጠለበት ዩኒፎርሟ ሳያት፣ ይህን ቋንቋ በየቀኑ ከሽማግሌዎቿ አፍ እንደምትሰማ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ያመዎታል እንዴ?»

«እኔን አይደለም።»

ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝና «እኔ ምንም አላየሁም» አለች። ወዲያው ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሻርፕ የሚሉት እንደ ስለት ሲወጋ ነው። ዳል ሲደነዝዝ፣ ሲከብድ ነው። በርኒንግ ያው ሲያቃጥል። አሁን እያንዳንዱን ይበሉልኝ፣ እሰማለሁ» አለች። በየዕረፍቱ አለማመደችኝ። ማን እንደሚታመም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም። ከዝርዝሩ «ሻርፕ»ን መረጥሁ። ባለቤቴ ደረጃው ላይ ስትቆም ፊቷ የሚኮማተረው ስለት እንደ ነካው ሰው ነበርና።

የቀጠሮው ዕለት በባስ ሄድን። አስተርጓሚ አያስፈልገንም ብዬ ፈረምሁ። ሐኪሟ ገባችና ፈገግ ብላ ባለቤቴን እንዴት እንደ ሆነች ጠየቀቻት። ባለቤቴ ይህን ያህል እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ «ፋይን» አለች።

ተነሥቼ ቆምሁ። መቆም አያስፈልግም ነበር፤ ግን ተቀምጬ የሚወጣ አልመሰለኝም። «ኖ» አልሁ፤ «ሺ ኢዝ ኖት ፋይን።» ከዚያም እንደ ተማርሁት ምላሴን በጥርሴ መካከል አውጥቼ፣ ትንፋሼን ሳልውጥ፣ ሕመሙ እንደ ስለት መሆኑን ተናገርሁ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አነሣች።

«ምን አልካት?» አለች ባለቤቴ።

«ያምሻል አልኋት።»

ፊቷ ደም መሰለ። «ሌላስ?»

«እንደ ስለት ይወጋሻል አልኋት።»

«ማን ነገረህ?»

ሐኪሟ ሁለታችንን እያፈራረቀች ታየናለች። ባለቤቴ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ ስታነሣ ልትወጣ ነው ብዬ ነበር፤ አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። «እንደ ስለት አይደለም» አለች።

«ታዲያ እንዴት ነው?» አልኋት።

ሦስት ወር ሙሉ ስለ ሕመሟ ቅጽል ስሰበስብ ይህን አልጠየቅኋትም ነበር። ምን ሆንሽ ብያታለሁ፤ እንዴት ነው የሚያምሽ ግን አላልኋትም። ዝርዝሩን ከመጽሐፍ ቀድቼ፣ ከመካከሉ አንዱን ራሴ መርጬላት ነበር የመጣሁት።

ባለቤቴ ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ እርጥብ ልብስ እንደሚጨምቅ ሰው አየሩን ጠመዘዘችው። «እንዲህ ነው። ይጨምቀኛል። ከዚህ ይነሣና» አለች ጎድኗን ይዛ፣ «ወደ ትከሻዬ ይወጣል።» ለዚህ የሚሆን ቅጽል በወረቀቴ ላይ አልነበረም። ስፈልግ ሐኪሟ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ፤ ገብቷታል። ከምግብ በኋላ ይብስ እንደ ሆነ ጠየቀች። ተረጎምሁላት።

«ከምግብ በኋላ ነው፤ ቅባት ካለው ደግሞ ይብሳል» አለች ባለቤቴ።

ይህንንም አላውቅም ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ ከአንድ ገበታ እየበላን።

በዚያው ሳምንት አልትራሳውንድ ተነሣች፤ የሐሞት ጠጠር ነው አሉ። የዚያን ዕለት ግን ይህን ገና አላወቅንም። ስንመለስ ባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ተቀይማኛለች ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርሁ። ኋላ በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

«አንተ ትልቅ ሰው፣ ለሐኪም ምላስህን ታወጣለህ?»

«አነጋገሩ እንደዚያ ነው።»

«እኔ እኮ አበደ ብዬ ነበር!» አለችና ሳቀች። ሳቋ ሲበረታባት ጎድኗን ያዘች። «እባክህ አታስቀኝ፤ ያመኛል።»

ቃሉን ከአፏ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እጄን በእጇ ላይ አኖርሁ። ባሱ ውስጥ የአገር ሰው ይኖር እንደ ሆነ ዘወር ብላ አላየችም።

ለልጃችን በማግስቱ ራሷ ደወለችላት። ከስልኩ «ማሚ፣ ለምን ቴል አላደረግሽኝም?» የሚለው የልጃችን ልቅሶ እስከ እኔ ወንበር ድረስ ይሰማ ነበር። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ግን የተነገረው ከዳነች በኋላ ነው፤ በዚህ አልተለወጠችም፤ እኔም አልተጫንኋትም።

ትምህርቴን አላቋረጥሁም። ኔፓላዊው ዛሬም ተርቧል። ወደ ባስ ከመውጣቴ በፊት ግን ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ባለቤቴን እንዴት እንዳደረች እጠይቃታለሁ። «ተመስገን» ትለኛለች። ጫማዬን እያሰርሁ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ሌላ ነገር አይመጣም። ትናንት ግን ሁለተኛውን ጫማ ሳስር፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ እያጠበች፣ «ጉልበቴን ትንሽ ይዞኛል» አለች።

«እንዴት አድርጎ?» አልኋት።

«ቁጭ በል እንግዲያ» አለችኝ፤ ተቀመጥሁ። ባሱ አመለጠኝ።