አልወጣ ያለው ቀለበት

አምሳለች የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ለመውለድ ከቢቸና ሞጣ ስትገባ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ፊቷን አይቶ አደነቀ። ጉንጯ ሞልቷል፣ እግሯም ጫማ አልበቃው ብሏል። «የባል ቤት ተስማምቷታል» ተባለ። እናቷ ሰገነት፣ ገበያ ላይ ጌሾ እየሸጠች ይህችን አንድ ልጅ ያሳደገች ሴት፣ ከሁሉም በላይ ኮራች። ልጇ ስትዳር ከሲታ ነበረችና ባትኮራ ነበር የሚገርመው።

በማግስቱ ሰገነት ጸጉሯን ፈትታ ቅቤ ስትቀባት፣ አምሳለች ጣቷን ታሻሽ ጀመር።

«ቀለበቴ አልወጣ አለኝ፣ እማ። ወፈርሁ መሰለኝ።»

ሰገነት በቅቤ እጇ ጎተተችው፤ ወይ ፍንክች።

«ራስሽንስ ያምሻል?»

«የመንገዱ ነው። ዓይኔ ላይም ብልጭ ብልጭ ይልብኛል።»

ሰገነት የቅቤ እጇን ጠረገች። ታናሽ እህቷ ውበቴም በስምንተኛ ወሯ እንዲሁ ብላ ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ ጋኔን ነው እያለ ጠበል ሲያመላልስ፣ ውበቴ ተንፈራግጣ ከነሆዷ ተቀበረች።

«ተነሽ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«ጸጉሬ እንደተበተነ? ሰው ምን ይለኛል?»

«የፈለገውን ይበል።»

የጤና ጣቢያው አዋላጅ ይታገስ ከወሎ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። የደም ግፊቷን ለካ፤ ደግሞ ለካ። ሽንቷንም አስመረመረ።

«ክትትል ነበረሽ?» አላት አምሳለችን።

«ቢቸና ነበረኝ። ወደ እናቴ ልመጣ ስሰናዳ የመጨረሻውን ቀጠሮ ዘለልሁት።»

ይታገስ ወደ ሰገነት ዞረ። «እናቴ፣ ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል፤ ሽንቷ ውስጥም ፕሮቲን አለ። ይሄ ውፍረት አይደለም፣ እብጠት ነው። እንዳያንቀጠቅጣት መድኃኒት ወግቻት አሁኑኑ ሆስፒታል ትሄዳለች።»

ሰገነት ትናንት የኮራችበትን ፊት አየችው።

ሆስፒታል ቀለበቱን ቆርጠው አወጡላትና ልጁን ቶሎ ለማውጣት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። ሰገነት የቀለበቱን ቁራጭ ጨብጣ በሩ ላይ ቆመች። ተከትላት የመጣችው ጎረቤቷ ሀብትነሽ «አይዞሽ» ትላለች።

ነርሷ ብቅ አለች። «ወንድ ልጅ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ደህና ነው።»

ሀብትነሽ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ሰገነት በእጇ ከደነችባት።

«እናቱስ?»

«ገና ናት፤ እየተከታተልናት ነው» ብላ ነርሷ ተመለሰች።

ልጁ ውስጥ ያለቅሳል። ማንም እልል አላለለትም። ሰገነት በሩን ከማየት በቀር ሌላ ነገር አልቻለችም።

በመጨረሻ ሰገነትን አስገቧት። አምሳለች ዓይኗን በግድ ገለጠች፤ ቅቤው ትራሱ ላይ ቀልጧል።

«እማ፣ ጸጉሬን ሳትሠሪኝ ቀረሽ» አለች።

ሰገነት ያን ጊዜ እልል አለች። ግማሹ ልቅሶ ነበር።