ሙሽራዋን ያደረሰው አሽከር

ወልዱ እንሰት ይፍቅ ነበር። ይህን ሰምታችሁ «ታዲያ ምን አለበት?» እንዳትሉ። ዲላ ላይ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ እንሰት የሚፍቅ ወንድ ቀሚስ ለብሶ ገበያ ከወጣ ወንድ አይሻልም ነበር። እንሰት የሴት ሥራ ነው። የጌዴኦ ሴቶች ጓሮ ተሰብስበው ሲፍቁ የገዛ ባላቸው እንኳ በዚያ በኩል ማለፍ ካለበት ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ፊቱን አዙሮ ነው የሚያልፈው። ሥራው አንድ እግር አንሥቶ ግንዱን በጣውላ ላይ በተረከዝ ረግጦ መቀመጥ ይጠይቃልና ጭን ይገለጣል። ወልዱም ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ እንደዚያው ይቀመጥ ነበር።

ሰው ወዶ አይዋረድም። ወልዱ በልጅነቱ ከቡልጋ ወጥቶ ከአንድ ሹም ጋር ዲላ የወረደ ወታደር ነው። ጠመንጃ ነበረው፤ ስድስት ገባርም ተመርቶለት ነበር። ገባሩ ቆጮውን፣ ማሩን፣ ማገዶውን ደጁ ድረስ ያመጣለታል፤ እሱ ይቀበላል። ቆጮው እንዴት እንደሚሠራ ጠይቆ አያውቅም፤ የጠየቀ ነፍጠኛም አልነበረም። በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጣሊያን ሲገባ ጠመንጃው ተወሰደ፣ ገባሩም ከእንግዲህ ለማንም አትገብርም ተባለ። እውነቱን እንናገር ካልን ገባሩ እልል አለ፤ ቢልም አይፈረድበትም።

በዚያው ሰሞን የወልዱ ሚስት ይመኙሻል ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ልጁ ሞተ፣ እሷም ከወገቧ በታች ሽባ ሆና ቀረች። ጎረቤት ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ «ለወንድሞቿ መልሳት» ይላል፣ ሌላው «ሌላ አግባ፣ ይህችኛዋ እየተጦረች ትቀመጥ» ይላል። ወልዱ «እግሯን እንጂ እሷን አላጣሁም» ብሎ አፋቸውን አዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዝሎ ፀሐይ ያሞቃታል፣ ያጥባታል፣ ጠጉሯንም አበጥሮ ይጎነጉንላታል። ጉንጉኑ ያስቅ ነበር፤ ይመኙሻል ግን አንድ ቀን እንኳ አላፈረሰችውም።

ቤቱ ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ ሲጠፋ ወልዱ ወደ ወርቂቱ ሄደ። ወርቂቱ ከቀድሞ ገባሮቹ የአንዱ ሚስት ናት፤ ትናንት ማር ተሸክማ ደጁ ስትገተር የምትውል ሴት። «እንሰት መፋቅ አስተምሪኝ» ሲላት ያፌዘባት መሰላት።

«ወንድ አይነካም፤ ነውር ነው» አለችው።

«ረኃብ ወንድና ሴት አይለይም፣ ወርቂቱ።»

እሺ እስክትለው ድረስ ግን አልታገሠም። ከጓሮው ገና ያልደረሰ፣ የሦስት ዓመት እንሰት ገንድሶ፣ እንደመሰለው ፍቆ፣ ጉድጓድ ከተተው። እንሰት ወራት ተቀብሮ መብላላት እንዳለበት የነገረው የለምና በአሥራ አምስተኛው ቀን ከፈተው። ሽታው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ደረሰ ይባላል። ወርቂቱ አፍንጫዋን ይዛ መጣች፣ አየች፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ «ና፣ ጣውላውን እንዲህ አዘንብል» አለችው።

ይህን ሁሉ ስታይ የነበረችው ልጁ የሺሃረግ ናት። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። «አባባ፣ እኔ ልፋቀው» ብላ አንድ ቀን ጠይቃው ነበር፤ ከልቧ ባይሆንም። ወልዱ «የለም፣ እጅሽ ይሻክራል፤ ለባል የምትታዪ ልጅ ነሽ» አላት። ደስ አላት። እጇ ለስላሳ ሆኖ ቀረ፣ የአባቷ ግን በእንሰት ውኃ ጠቁሮ ተሰነጣጠቀ። ምንጭ ስትወርድ የሰፈሩ ሴቶች «አባትሽ ዛሬ ስንት ግንድ ፋቀች?» እያሉ ይሳሳቁባታል። የሺሃረግ በሴቶቹ መናደድ ሲገባት በአባቷ ትናደድ ነበር። ማታ ማታ የሚያቀርብላትን ቆጮ ግን አጣጥማ ትበላለች።

በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ላይ ወይዘሮ ድንቅነሽ የሚባሉ ሴት ከይርጋጨፌ መጡ። ቡናና ጨው የሚነግዱ፣ የተከበሩ ባልቴት ናቸው። ባላቸው በኦጋዴን ጦር ግንባር ወድቀዋል። ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ «እጁን ለጣሊያን ከሰጠ ሰው ቤት ልጅ አልወስድም» እያሉ ለልጃቸው ለሠረቀብርሃን ሚስት ሲያማርጡ ሁለት ዓመት አልፏል። ለልጇ ሚስት የምታይ እናት መምጣቷን አትናገርም፤ ድንገት ደርሳ የቤቱን ጓዳና የልጅቱን ጠባይ ነው የምታየው። ወይዘሮ ድንቅነሽም «መንገድ ላይ ውኃ ጠምቶኝ ነው» ብለው ገቡ። የሺሃረግ ግን ስለ እሳቸው ከገበያ ሰምታ ስለነበር ገና ሲገቡ ማን እንደሆኑ አወቀች።

«አባትሽ የት ናቸው ልጄ?» አሏት።

አባቷ ከጓሮ በር ማዶ፣ አምስት እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ እግሩን ሰቅሎ ይፍቃል። በሩ ክፍት ነው።

«ጫካ ናቸው» አለች የሺሃረግ። «ከአርበኞቹ ጋር።»

ወይዘሮ ድንቅነሽ ተነሥተው ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳሟት። ከዚያ በበሩ በኩል አሻግረው አዩ። «ያ ሰውዬስ?»

«አሽከራችን ነው።»

የመፋቂያው ድምፅ ቆመ። ከመጋረጃው ጀርባ የተኛችው ይመኙሻል አንድ ጊዜ ሳለች። የሺሃረግ ጠበቀች፤ አሁን ገብቶ «አባቷ እኔ ነኝ» ይላል ብላ። ወልዱ ገባ። እጁን ታጥቧል፣ ሱሪውን አውርዷል፤ በገበቴ ለብ ያለ ውኃ ይዟል። እንግዳይቱ ፊት ተንበርክኮ «እመቤቴ፣ የመንገድ አቧራ ነው፤ እግርዎን ልጠብልዎ» አለ። ከጣት እስከ ቁርጭምጭሚት አጠበ፣ በጨርቅ አደረቀ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወጣ።

ሴትየዋ ሲሄዱ ይመኙሻል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ሦስት ቀን ለልጇ ቃል አልተነፈሰችም። ወልዱ ነው ያስታረቃቸው። «ልጅ ናት፤ የቸኮለች ልጅ ምን ታድርግ?» አላት ሚስቱን። የሺሃረግን ደግሞ ጓሮ ጠርቶ «ሴትየዋ ደግ ናቸው፤ ሳጥባቸው እግዜር ይስጥህ አሉኝ። አሁን እውነቱን ብናወጣው የምትዋረጂው አንቺ ነሽ። ተዪው፣ እንደተባለ ይሁን» አላት። ይቅርታ ልትለው ነበር። «እሺ» ብቻ አለች።

ከዚያ ወልዱ የነፍጠኛውን ሰፈር ቤት ለቤት ዞረ። ሰው ክብሩን ለማስመለስ ይዞራል፤ እሱ አሽከር ነው እንዲባል ነበር የሚለምነው። «የልጄን እንጀራ አትዝጉ፤ የጠየቃችሁ ካለ ወልዱ ጫካ ነው በሉ። ለጣሊያኑ ጆሮ ግን እንዳይደርስ፤ ቤቴን ያቃጥሉታል» ይላል። ምንጭ ላይ ሲሥቁበት የነበሩት ሴቶች እንኳ አፋቸውን ያዙ።

ሠርጉ በሠላሳ አንድ ጥር ላይ፣ ጊዜው የጣሊያን ነውና ያለ ብዙ ሆታ ሆነ። በአባት ፋንታ የክርስትና አባቷ አቶ እንግዳ ተቀምጠው መረቁ። ወልዱ በዚያ ሰዓት ደጅ በቅሎ ይጭን ነበር። ሙሽራዋን ይርጋጨፌ የሚያደርስ አሽከር ያስፈልግ ስለነበር ልጓሙን እሱ ያዘ። ሌላው አባት ልጁን በር ላይ ይሰናበታል፤ እሱ ሙሉ ቀን አብሯት ሄደ። በዚህም ደስ ብሎት ነበር፤ ይህ ነው የሺሃረግን ኋላ ያቃጠላት።

ወናጎ ላይ ሚዜዎቹ ለዕረፍት ወረዱ። ወልዱ ኮርቻውን ሊያጠብቅ ተጠጋና በሹክሹክታ «ልጄ፣ ጠማሽ?» አላት። አንዱ ሚዜ ዘወር ያለ መሰላት።

«ዝም በል» አለችው ከሻሿ ውስጥ።

ዕድሜዋን ሙሉ «አንቱ» ብላ የጠራችውን አባቷን። ወልዱ መጫኛውን አጠበቀ፣ ልጓሙን ያዘ፣ ዳገቱን ወጣ። ይርጋጨፌ ሲደርሱ እሷ ወደ እልፍኝ ገባች፤ እሱን ከከብቶቹ በረት አጠገብ አብልተው እዚያው አሳደሩት።

ከዚያ በኋላ በየሁለት በየሦስት ወሩ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ተሸክሞ ይመጣ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በእግሩ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ወደዱት። «እንዲህ ያለ ታማኝ አሽከር በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? አባትሽ ሲመለሱ ጋሻ መሬት ሊሰጡት ይገባል» ይላሉ። የሺሃረግ «አዎን እማማ» ትላለች። ወንድ ልጅ ስትወልድ በሳምንቱ ደረሰ። ወይዘሮ ድንቅነሽ «ግባና እየው» ብለው ፈቀዱለት፤ ደጃፉ ላይ ቆመ፣ አላቅፈው አለ። ለአሽከር እንዲህ አይገባም ብሎ ነው። ጎንበስ ብሎ የሕፃኑን እግር ሳመና ወጣ። የሺሃረግ «አቅፈው» ብትል ማንም የሚጠረጥር አልነበረም። አላለችም።

በሠላሳ ሁለት ነሐሴ፣ ዝናቡ ወንዙን በሞላው ሰሞን፣ አቶ እንግዳ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ለብሰው ይርጋጨፌ ገቡ። ወይዘሮ ድንቅነሽ አብረው ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ቃል ሲያምጡ ቆዩና «ያ... ያ አሽከራችሁ አረፈ። ምች ነው መሰል። ትናንት በስቲያ ቀበርነው» አሉ። ዓይናቸውን የሺሃረግ ላይ ተክለዋል፤ አንድ ነገር እስክትል ይጠብቃሉ።

«ነፍስ ይማር» አለች።

አማቷ አለቀሱ። እሷ «ልጁ ተርቧል» ብላ ተነሥታ ጓሮ ወጣች፤ እንሰቱ መሃል ተቀምጣ ድምፅ እንዳይወጣት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ለአሽከር ነጠላ አይዘቀዘቅም፣ ለአሽከር ደረት አይደቃም። እናቷን እንኳ ልታጽናና አልሄደችም፤ ወንዙ ሞልቷል አለች፣ ሕፃኑ ታሟል አለች። ይመኙሻልን የምታጥባትና የምታበላት ወርቂቱ ነበረች። የማንም ገባር አልነበረችም፤ ወልዱ ሲሞት አደራ ስላላት ብቻ።

በሠላሳ ሦስት ግንቦት ጣሊያን ለቀቀ። አርበኞች ጠጉራቸውን አንጨባረው ከየጫካው ወጡ፤ መንገዱ ሁሉ ሆታና ፉከራ ሆነ። ወይዘሮ ድንቅነሽ እንደ ልጅ ቤቱን አመሱት። ሙክት አሠሩ፣ ጠጅ ጣሉ፣ ሁለት ክረምት ያስፈተሉትን ጋቢ ከሣጥን አወጡ። «በሉ፣ እሑድ ዲላ ወርደን አባትሽን በክብር እንቀበላለን» አሉ። ሠረቀብርሃንም የአማቱን ጀግንነት ለወዳጆቹ ሲያወራ ሰነበተ።

የሺሃረግ ሦስት ሌሊት አልተኛችም። መውጫ ቀዳዳ አልጠፋትም፤ አንድ ቀላል ቀዳዳ ነበራት። «አባቴ ጫካ ወድቀዋል፤ መልእክት ደረሰኝ» ማለት። በቃ። አማቷ ድንኳን ይጥላሉ፣ አገሩ ሁሉ ይመጣል፣ ለወልዱ ዲላና ይርጋጨፌ አይተውት የማያውቁት ለቅሶ ይለቀሳል። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን ደቅታ፣ «አባቴ» ብላ ትጮኻለች። ምን ቀረባት? ቅዳሜ ጠዋት ይህንኑ ልትናገር አፏን ከፈተች።

ግን አስለቃሾቹ የሚያሞግሱት ሰው ማን ነው? ጠመንጃ የታጠቀ፣ ምሽግ የሰበረ፣ በሕይወት ኖሮ የማያውቅ ሰው። ሁሉም ለእሱ ሲያለቅስ ወልዱ አሽከር እንደሆነ ተቀብሮ ሊቀር ነው። ሁለተኛ ልትክደው ነው፤ አሁን ደግሞ እሺ ብሎ የሚሸፍንላት የለም።

«እማማ» አለችና መሬት ተቀመጠች። «አባቴ ጫካ ገብተው አያውቁም። እግርዎን ያጠቡት ናቸው። በቅሎዬን የሳቡት፣ ቆጮ ይዘው የሚመጡት። አባቴ እሳቸው ነበሩ።»

ወይዘሮ ድንቅነሽ ጋቢውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። የሺሃረግ ይጮኹብኛል፣ ወደ መጣሽበት ሂጂ ይሉኛል ብላ ጠበቀች፤ ብትባል ኖሮ በቀለላት። ሴትየዋ ቀስ ብለው ጋቢውን አልጋው ላይ አኖሩ፤ ነጠላቸውን አወረዱና ጥለቱን ወደ ላይ አዘቀዘቁ።

«እኔ ባላውቅ ነው ከበረት ያሳደርኳቸው» አሉ። «አንቺ ግን እያወቅሽ ነው።»

ተነሥተው ለዲላው መንገድ በቅሎ እንዲጫን አዘዙ፤ ለቅሶ ሊደርሱ። የሺሃረግ መሬቱ ላይ ቀረች። ያችን ቃል አርጅታ የልጅ ልጅ እስክታይም ትሰማት ነበር።