አንገት ላይ የሚንጠለጠል

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ብረት ስቆርጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛሬም ግራይንደር ከማስነሳቴ በፊት እጄ ሳላዘው ወደ አንገቴ ይሄዳል። አብረውኝ የሚሠሩት ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ ምን ቸገረኝ።

ነገሩ የጀመረው ታላቅ ወንድሜ የመጣ ጊዜ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ ተሻግሮ ዶካ አካባቢ ሲሠራ ከረመ። አጨዳው ሲያልቅ ወደ አገር ቤት የሚወስደው መንገድ ተዘጋ ተባለና ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ እኔ ዘንድ ከተፍ አለ። በማግስቱ እናታችን ደወለች። «የአራት ልጆች አባት ነው፤ አገሩን አንተ ታውቀዋለህ፤ አደራ» አለችኝ። እሺ አልኩና ስልኩን ዘጋሁት፤ የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ያለኝ ሥራ አንድ ነው። የትራክተር ማረሻና ተጎታች የምንጠግንበት ወርሻ ውስጥ ብረት እቆርጣለሁ። ወንድሜንም ወሰድኩት። ሰውየው ማጭድ ሲይዝ አጠገቡ የሚደርስ የለም፤ ግራይንደር ግን ማጭድ አይደለም። ማጭድ አንተ ስታቆም ይቆማል፤ ግራይንደር ካጠፋኸውም በኋላ ይሽከረከራል። ይህን ስነግረው «እሺ ኡስታ» ብሎ አሾፈብኝ። ኡስታ ሱዳኖቹ የእጅ ሥራ አዋቂን የሚጠሩበት ስም ነው።

እውነተኛው ኡስታ የወርሻው ባለቤት ናቸው፤ ጢማቸው የሸበተ፣ አንድ ነገር ሁለቴ መናገር የማይወዱ ሱዳናዊ። ወንድሜን ፊታቸው አቁመው ሕጋቸውን ነገሩት፤ እኔ አስተረጎምኩ። መከለያው ከማሽኑ አይነሳ። መነጽር ሳታደርግ አትቁረጥ። በሁለት እጅ ያዝ፤ ፊትህን በዲስኩ ትይዩ አታድርግ። ዲስክ ስትቀይርም መብራት ሲጠፋም መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል። መጨረሻ ላይ በጣታቸው የራሳቸውን ጉሮሮ ነክተው «እዚህ ላይ ምንም አይንጠልጠል፤ ኸሊ ባላክ» አሉ። ተጠንቀቅ ማለታቸው ነው።

ይህን የመጨረሻውን እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከሀዋታ የመጣ አንድ ሾፌር የተጎታቹን ብረት ልያዝላችሁ ብሎ ጎንበስ ሲል፣ አንገቱ ላይ የጣላት ፎጣ ጫፏ በዲስኩ ተያዘ። ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልቆየም። ሰውየው ተርፏል፤ ግን ከዚያ ወዲህ ሲስቅ አገጩን በእጁ ይሸፍናል።

ወንድሜ አንገቱ ላይ ያደረገውን ፎጣ ወዲያው አወለቀ። የሸሚዙ ቁልፍ ሲከፈት ግን ማተቡን አየሁት። ጥቁር ክር ነው፤ የእንጨት መስቀሏ እስከ ደረቱ ትወርዳለች። ወደዚህ ሲመጣ እናታችን ክሯን አድሳ በእጇ ያሠረችለት ናት።

«ወንድምዓለም፣ ይችንም ሥራ ላይ አውልቃት» አልኩት።

«ማተቤን?»

«ኪስህ አድርጋት። ማታ ትመልሳታለህ።»

አላሾፈም። ሸሚዜን በአንድ ጣት ገለጥ አድርጎ አንገቴን አየ።

«የአንተስ የት አለች?»

የት ልበለው? ወርሻው የገባሁ ሰሞን አውልቄ ከወረቀቶቼ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጫት ነበር። ማታ ማታ አጠልቃት ነበር፤ ኋላ ላይ አልፎ አልፎ ሆነ፤ ኋላማ ረሳኋት። እምነቴን አልተውኩም፤ ማሽኑን ፈርቼ ነው ያወለቅኳት። ይህን ለወንድምህ እንዴት ትነግረዋለህ?

«እማማ ታውቃለች?» አለኝ።

«አታውቅም።»

ሸሚዜን ለቀቀና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ማታውን ቆርቆሮውን ከፍቼ ማተቤን አጠለቅኋት። በማግስቱም አላወለቅኋትም። ሸሚዝ ውስጥ ስለሆነች ኡስታው አላዩም፤ ወንድሜ ግን አይቶ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ከእኔ ጋር እንደ ድሮው ማውራት ጀመረ። እሱም በበኩሉ መስቀሏን ወደ ጀርባው አዙሮ ቁልፉን እስከ ጉሮሮው ሊዘጋ ተስማማ። ይኸው ነው ውላችን። ሁለት ጎልማሳ ቂሎች።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ኡስታው አምነው ግራይንደር ካስያዙት በኋላ እሱ ባጎነበሰ ቁጥር ሥራዬን አቁሜ አየዋለሁ። ቁልፉ ተከፈተ? ክሩ ወደፊት ዞረ? ብልጭታው ሲበተን ለእኔ የሚታየኝ አንገቱ ብቻ ነው። «ቁልፍህን!» ስለው «ዘግቻለሁ እኮ!» ይለኛል። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ «ሶኬቱን ንቀል! ንቀል!» እለዋለሁ፤ የሱዳን ጦርነት ከመጣ ወዲህ መብራቱ በቀን ስንቴ እንደሚሄድ እኛ ነን የምናውቀው። «አንተ ልጅ፣ ሚስቴም እንደዚህ አልነዘነዘችኝ» ብሎ ይስቃል። ይነቅላል ግን። አንድም ቀን አልረሳም።

የረሳሁት እኔ ነኝ።

ቀትር ላይ ነበር፤ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ጣራ እያስጮኸው። የተጎታች ወለል እየቆረጥኩ ሳለ መብራት ሄደ። የእኔ ማሽን ማብሪያው ወደፊት ተገፍቶ የሚቆለፍ ዓይነት ነው፤ እጅህን ብታነሳም አይጠፋም። እንደተቆለፈ፣ ሶኬቱንም ሳልነቅል መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ለምን? ወንድሜ የሸሚዙን ቁልፍ ከፍቶ በኮፍያው ደረቱን ሲያራግብ አይቼ ነው። ልቆጣው ሄድኩ። ቁልፉን በራሴ እጅ ዘጋሁለት፤ የእኔ ሸሚዝ ግን እስከ ሆዴ ተከፍቶ ነበር።

ተመለስኩና ዲስኩ ተሰንጥቆ እንደሆነ ለማየት ማሽኑን ለማንሳት ጎንበስ አልኩ። ማተቤ ከሸሚዜ ወጥታ ስትወዛወዝ አየኋት። አየኋት፤ ምንም አልመሰለኝም።

መብራት መጣ።

ማሽኑ ከመሬት ሲዘል ብቻ ነው የማስታውሰው። ክሯን ጠቅልሎ ወደ እኔ ወጣ። አንገቴ ወደ ታች ተሳበ፣ መከለያው አገጬን መታኝ፣ ከዚያ ጉሮሮዬ ተዘጋ። መጮህ አልቻልኩም። ያ መከለያ ባይኖር ኖሮ ይህን የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር።

የማሽኑ ድምፅ በድንገት ወረደ። ወንድሜ ወደ እኔ አልነበረም የሮጠው፤ ወደ ሶኬቱ ነበር። እኔን ለመያዝ ቢመጣ ኖሮ ሁለታችንም አልቀን ነበር። ነቅሎ መጣና ተንበረከከ። ዲስኩ ቆሟል፤ ክሩ ግን ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ አንቆኛል። ትንፋሽ የለኝም። ቢላዋውን ከወገቡ አወጣ። ክሩ ላይ አደረገው፤ እጁ ቆመ።

ያን ጊዜ ዓይኑን አየሁት። በአርባ ቀን የሚታሠር፣ ሲሞቱ አብሮ የሚቀበር ነገር ነው። ለአገራችን ሰው ማተብ በጠሰ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። «ማርያም ይቅር በይኝ» አለና ቆረጠው።

አየር ገባልኝ። ኡስታው ሮጠው መጥተው በፎጣ አገጬን ያዙ። አራት ቦታ ተሰፋሁ። ኡስታው አልተቆጡም፤ ማሽኑን አንስተው የተቆለፈውን ማብሪያ ለሁሉም አሳዩና ወደ ቦታው መለሱት። ከመቆጣቸው ይልቅ ያ አሳፈረኝ።

ማታ ቤት ገብተን ፋሻዬን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ከኪሱ መስቀሌንና የተረፈችውን ክር አወጣ። ክሯ አጥራለች። አንገቴ ላይ አዞረና ቋጠራት፤ ጉሮሮዬ ሥር ተጠግታ ቀረች። አንድ ጣቱን አስገብቶ ለካ። አዲስ የተጠመቀ ሕፃን ላይ እንደምትታሠረው፣ የምትንጠለጠል ነገር የላትም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ አንዴም አላሰብኩትም።

ከዚያ የራሱን አንገት ወደ እኔ ዝቅ አደረገ።

«እኔንም አሳጥረኝ» አለ።

ቋጠሮውን ፈትቼ ለክቼ መልሼ አሠርኩለት። ስጨርስ ቀና ሳይል አንድ ነገር አለኝ።

«እማማ ማተብህን ማን በጠሰው ካለችህ፣ ወንድሜ ነው በላት።»