ገደል አፍ ላይ የነበሩት ሰባት ጥዶች

በሰፈራችን ሰው የሚጠራው በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ስም ነበር። ሆስፒታል በር ላይ ዘበኛ የነበረው ጎረቤታችን ‹‹ዶክተር›› ይባላል፤ ልጁን ያተኮሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው እሱ ዘንድ ነው። እኔ ደግሞ ደን መሥሪያ ቤት፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነበር የምሠራው። ሥራዬ አካፋና የችግኝ ፕላስቲክ ማስረከብ ነው፤ ሰፈሩ ግን ‹‹ባለሙያው›› አለኝ፣ እኔም አላረምኩትም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። የሎሚ ዛፍ ሲደርቅ፣ ጎመን ትል ሲበላው የምጠራው እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤት ሻይ ላይ ከእውነተኞቹ ባለሙያዎች የሰማሁትን ቆንጥሬ፣ የጎደለውን ከራሴ ሞልቼ እመልሳለሁ።

ቤታችን ከላፍቶ ወደ ሀና ማርያም ሲኬድ ካለው የወንዝ ገደል አጠገብ ነበር። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ግቢ የእማማ ነው። ዘመዴ አይደሉም፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ስለሚላቸው ነው እኔም የምላቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። በጓሯቸው፣ ልክ ገደሉ አፍ ላይ፣ ባለቤታቸው የተከሏቸው ሰባት የፈረንጅ ጥዶች ነበሩ። በጥዶቹና በመኝታ ክፍላቸው መካከል የነበረው ቦታ የልብስ ማስጫ ገመድ የሚወጠርበት ያህል ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በበጋው ጥዶቹ ከጫፋቸው ጀምረው መቅላት ያዙ። እማማ አስጠሩኝ። በቢላ ቅርፊቱን ላጥ ሳደርገው ከሥሩ ከስንዴ ፍሬ የሚያንሱ ጥቁር ነቀዞች ተተራመሱ። የቦረቦሩት እንጨት ዙሪያው ሰማያዊ ሆኗል።

‹‹ምንድን ነው ልጄ?›› አሉኝ።

የሰማሁት ነገር ነበር። ነቀዙ ሻጋታ ይዞ ከዛፍ ዛፍ ይዞራል፤ ዛፉን የሚገድለው ሻጋታው ነው፤ የታመመው ቶሎ ተቆርጦ ካልተወገደ ጤነኛው ላይ ይጋባል። ይህንን ነገርኳቸው። እዚያ ላይ ብቆም ምን ነበረበት! ግን ጎረቤቱ ተሰብስቦ ያዳምጠኝ ነበር። ‹‹ጉቶውም መነቀል አለበት፣ በሽታው ሥሩ ውስጥ ይደበቃል›› ብዬ ጨመርኩ። ይህን ማንም አልነገረኝም።

ማገዶ በተወደደበት ዘመን የጥድ ጉቶ ሲሳይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዶማና መጥረቢያ ያለው ሁሉ መጣ፤ ጉቶ የነቀለ ጉቶውን ይወስዳል ተባለ። ዛፎቹ ተቆርጠው እስከ ማታ ሰባቱም ጉቶዎች ወጡ። ሥሮቹ የሰው ራስ የሚያህሉ ድንጋዮች አቅፈው ነበር የሚወጡት። ያን ሳይ ትንሽ ቅር አለኝ፤ ቢሆንም ሰው እያመሰገነኝ ስለነበር ዝም አልኩ።

ሰኞ እንደ ቀልድ ለአንዱ ባለሙያ አነሳሁለት። ሻዩን ማማሰሉን ትቶ አየኝ።

‹‹ገደል አፍ ላይ? ዛፉን ቁረጡ፣ ጉቶውን ግን ማን ይነካል? ነቀዙ ያለው ቅርፊት ውስጥ ነው፣ መሬት ውስጥ ምን ይሠራል? አሁን ያ ገደል በምን ሊቆም ነው? ማነው ንቀሉ ያላችሁ?››

‹‹ጎረቤቶች ናቸው›› አልኩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀመጫ አጣሁ። ‹‹ጓሮው እንዲያምር›› ብዬ ጉድጓዶቹን በአፈርና በድንጋይ ደፈንኳቸው። ክረምቱ ገባና የደፈንኩት በመጀመሪያው ሳምንት ተጠርጎ ሄደ። ወንዙ ደፍርሶ ሲመጣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ቤታችን ድረስ ይሰማል። ውሃው ገደሉን ከሥር ይቦረቡረዋል፣ ዝናቡ ከላይ በጉቶዎቹ ጉድጓድ ይገባል። ዐለት ነው ብዬ ስጽናናበት የነበረውም ውሃ ሲጠግብ እንደ ደረቅ ዳቦ እየተፈረፈረ ይወርድ ጀመር።

በየማለዳው ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት እማማ ግቢ እገባለሁ። ሰላም እላቸውና ወደ ጓሮ ዞሬ ከክፍላቸው ግድግዳ እስከ ገደሉ በእርምጃ እለካለሁ። አሥራ አንድ ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስምንት ሆነ። መሥሪያ ቤት ሆኜ ደመና ሲጠቁር ምሳዬን ጥዬ ታክሲ ፍለጋ እሮጣለሁ፤ ስደርስ ፀሐይ ወጥቶ እማማ ልብስ ሲያሰጡ አገኛቸዋለሁ። አካፋ ለጠየቀኝ ዶማ ሰጥቼ የተሳቀብኝ ያን ሰሞን ነው።

ባለቤቴ ሁሉንም ታውቃለች። ‹‹ሂድና ንገራቸው እንጂ፣ ክፍሉን ይልቀቁ›› ትለኛለች።

‹‹ነገ እነግራቸዋለሁ።››

ነገ ስል ስድስት እርምጃ ሆነ፣ ነገ ስል አምስት። ይልቀቁ ብላቸው ለምን ይሉኛል። ለምን ሲሉኝ ጉቶው ይነሳል፣ ጉቶው ሲነሳ ዕቃ አስረካቢነቴ ይወጣል። ይሉኝታ ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ኩራት ነው፤ የሰው ሕይወት ላይ የተቀመጠ ባዶ ኩራት።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንዳባራ ሄድኩ። መሬቱ ግድግዳው ሥር ተሰንጥቋል፤ እጄን ብሰደው እስከ ክንዴ ገባ። ሳላንኳኳ ክፍሉ ውስጥ ዘው አልኩ። እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

‹‹እማማ፣ ከዚህ ክፍል ይውጡ።››

‹‹የእድሩ ዳኛም ሐምሌ ላይ ውጪ ብሎኝ ነበር›› አሉ።

‹‹ታዲያ ለምን አልወጡም?››

በጥያቄዬ ተገርመው አዩኝ። ‹‹አንተ በየማለዳው እየመጣህ ታይልኝ የለ? የሚያሰጋ ቢሆን እሱ መች ዝም ይለኛል ብዬ ነዋ የተኛሁት።››

እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ግምጃ ቤቱን፣ ከራሴ የጨመርኩትን ቃል፣ ባለሙያው ያለኝን። እማማ ሰፌዱን ወደ ጎን አኖሩት።

‹‹ይህን ሰኞ ነው የነገረህ?››

‹‹አዎ።››

‹‹ጉቶው በተነቀለ በሁለተኛው ቀን?››

‹‹አዎ።››

ተነሡና ‹‹አልጋውን በዚያ በኩል ያዝ›› አሉኝ።

አልጋውን፣ ሳጥኑን፣ የባለቤታቸውን ፎቶግራፍ ወደ ፊተኛው ክፍል አዛወርን። በሦስተኛው ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ የኋላው ክፍል እንዳለ ገደል ገባ። ሰው አልተጎዳም። ሰፈሩ ‹‹ባለሙያው ባያወጣቸው ኖሮ!›› እያለ መረቀኝ። እማማ አጠገቤ ቆመው ይሰማሉ፤ አንድም ቃል አልተነፈሱብኝም።

በማግስቱ ማለዳ እንደ ልማዴ ግቢያቸው ገባሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከተረፈው ግድግዳ ወደ ገደሉ ቀስ እያሉ በእርምጃ ሲለኩ አገኘኋቸው። እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ። እንደ ወትሮው እንዴት አደርክ አሉኝ፣ ቤተሰብም ጠየቁኝ።

‹‹አሁን ወደ ሥራህ ሂድ›› አሉ ቀጥለው። ‹‹ከእንግዲህ እኔ አየዋለሁ።››