የጋሽ ኃይለማርያም የጉባኤ ቀኖች

ጋሽ ኃይለማርያም አዲስ አበባ ታሪክ ያስተምሩ ነበር። እዚህ አሜሪካ የኤርፖርት ሻትል ይነዳሉ፤ ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ሴንት ፖል በሚገኘው የሚኒሶታ ምክር ቤት ሕንፃ በበጎ ፈቃድ ጎብኚ ያስጎበኛሉ። እኔም እዚያው አስጎብኚ ነኝ። ኮሎምቢያ ሃይትስ ከተማ ጎረቤታሞች ስለሆንን በእኔ መኪና አብረን እንሄዳለን።

የሚወዱት ወሬ አንድ ነው፤ ምክር ቤቱ ድሮ መቼና ለስንት ቀን ይሰበሰብ ነበር የሚለው። የመጀመሪያው ጉባኤ በፈረንጆች 1857 ዲሴምበር ጀምሮ፣ በመሃል እረፍት ወጥቶ፣ እስከ ኦገስት ተንዛዛ። በ1860 ከስድሳ ቀን እንዳያልፍ ተወሰነ። በ1877 ደግሞ በሁለት ዓመት አንዴ ይበቃል ተባለ። «ሰው እርሻ አለው፤ ደግሞ ሕግ አውጪ ብዙ በተቀመጠ ቁጥር ብዙ ያወጣል ብለው ፈሩ» ይላሉ፣ ጎብኚው ሰዓቱን እያየ። እኔን ያሰለቸኛል። እሳቸው ግን ሲያወሩት ፊታቸው ይበራል።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለማርያም አገር ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አዋላጅ ነበሩ። እዚህ በአንድ መጦሪያ ቤት አረጋውያንን ያጥባሉ። አንዲት የምክር ቤት አባል፣ ውጭ አገር የተማሩ አዋላጆች ለፈቃድ ፈተና እንዲቀመጡ የሚያስችል ረቂቅ ሕግ አቀረበች። በኮሚቴው ፊት ቀርቦ የሚመሰክር ሰው ስትፈልግ እትዬ አስካለማርያም ተገኙ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ከዚህ ወዲያ ሌላ ዕድል መጠበቅ ዘበት ነው።

የእሳቸውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሁሉ የሚመልሱት ባላቸው ናቸው። የምክር ቤት አባሏ ጸሐፊ ምስክርነት የሚሰማበት ሂሪንግ በጸሎተ ሐሙስ መሆኑን ስትጽፍ፣ ጋሽ ኃይለማርያም «በሕማማት?» አሉና ከፋሲካ በኋላ ይሁንልን ብለው መለሱ። ሚስታቸውን አላማከሩም። ሠርጉንም፣ የቤት ኪራይ ውሉንም፣ ጥርስ ማስነቀሉንም ከፋሲካ በኋላ የምንል ሰዎች ነን፤ እኔም ብሆን ያንኑ እጽፍ ነበር። የጸሐፊዋ ደብዳቤ ግርጌ ላይ ግን ኮሚቴው በማግስቱ ዓርብ ሥራውን እንደሚዘጋ ተጽፏል። የ1860ን ስድሳ ቀን በቃላቸው የሚያውቁት ሰው የዘንድሮውን ቀን ሳያነቡት ቀሩ።

ፋሲካ አልፎ ማክሰኞ ሦስታችንም ሄድን። እትዬ አስካለማርያም ንግግራቸውን በወረቀት ጽፈው ይዘዋል። ጸሐፊዋ ከልቧ አዘነች። ኮሚቴው ዓርብ ዕለት ዘግቷል፤ የሐሙሱም ተራ ለሌላ ረቂቅ ተሰጥቷል። ጉባኤው በሜይ ሲበተን ያላለፈ ረቂቅ ሁሉ ይሞታል፤ በጃንዋሪ እንደ አዲስ የሚያቀርበው ሌላ ሰው መፈለግ አለበት፤ የእሷ አለቃ፣ ረቂቁን ያቀረበችው አባል፣ ዳግም አትወዳደርም።

መኪና ውስጥ እትዬ አስካለማርያም ከኋላ ተቀምጠው ጠየቁ።

«ሂሪንጉ ሐሙስ ነበር?»

«በሕማማት እንዴት ብዬ...»

«ሐሙስ እኮ ኦፍ ነበርኩ።» ድምፃቸው አልጨመረም። «በስቅለት ዕለት መንታ አዋልጄ አውቃለሁ። ምጥ ከፋሲካ በኋላ ና ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? ምነው እኔን ብትጠይቀኝ?»

ለማን እንዳዘንኩ እኔም አላውቅም። እትዬ አስካለማርያም የሥራ ሰዓታቸው ደርሶ ነበርና መጦሪያ ቤቱ በር ላይ አወረድኳቸው።