ቀዝቃዛ ቦይለር ላይ የተጻፈ አራት

«እሜቴ ለምን» የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አሁን ስሙን ሳስበው አፍራለሁ፣ ያኔ ግን ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ አራት ዓመት ፍልስፍና ተምራ፣ ሥራ አጥታ ስትንከራተት ቆይታ፣ የእኛ ልብስ ማጠቢያ ድርጅት ቅጽ ሰብሳቢ አድርጎ ቀጠራት። ልብስ ሰፊው አባቷ ስለ ትምህርቷ ሰው ሲጠይቀው መቀሱ የጠፋበት መስሎ ወሬ ይቀይር እንደነበር የነገረችን ራሷ ናት፣ እየሳቀች። ሥራ አስኪያጁም ገና በመጀመሪያው ቀን ፍልስፍና አንሶላ እንደማያጥብ ነግሯታል።

እውነቱን ለመናገር ታደክማለች። ሳሙናው ለምን በዚህ መጠን? አንሶላው ለምን ሁለት ጊዜ ይቆጠራል? «ድሮም እንዲህ ነው» ስትላት ደግሞ ድሮ ማለት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ትጠይቅሃለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ እሷ ባለችበት ቤት ውሃ እንኳ ለመፍላት ማመልከቻ ያስገባል ብዬ ሰውን ሁሉ በሳቅ ገደልኩት። እሷም ሳቀች። ፊቷ ግን ቀልቶ ነበር። አይቻለሁ፤ ምን ገዶኝ።

እኔ የቦይለር ሠራተኛ ነኝ፣ በሥራው ሃያ ሁለት ዓመቴ። ውሃ አፍልቼ እንፋሎቱን በቧንቧ ወደ ልብስ ተኳሾቹ እልካለሁ። ከግድግዳው ወዲያ አሥራ አራት ሴቶች ይተኩሳሉ፤ ግድግዳው ሥር ያለው ጠረጴዛ የባለቤቴ ነው። በየሰዓቱ የግፊቱን መለኪያ አይቼ ቁጥሩን ቅጽ ላይ እጽፋለሁ፣ ማለቴ መጻፍ ነበረብኝ። አራት ከሆነ ደህና ነው። ሁልጊዜም አራት ነው። ስለዚህ ጠዋት ገብቼ ሻዬን ፉት እያልኩ የቀኑን አራቶች በአንዴ እገላገላቸው ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ ሰውዬም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ልጅቷ ወረቀት ይዛ የቦይለር ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ባለፈው ወር ቦይለሩ ለጥገና ሁለት ቀን ጠፍቶ እንደነበር ጠየቀችኝ። ነበር አልኳት።

«ታዲያ ጋሼ፣ ቀዝቃዛ ቦይለር ላይ አራት ከየት መጣ?»

ወረቀቱን ተቀበልኳት። የእጅ ጽሑፉም ፊርማውም የኔው ነው። ደሜ ፈላ። እንጀራዬን ልትዘጋ ነው የመጣችው ብዬ ልሰድባት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ።

«ቢበላሽስ በምን ያውቃሉ?»

በምን አውቃለሁ? ዞሬ መለኪያውን አየሁት፣ በስንት ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። አራት። እሳቱን አጠፋሁት። እሳት ከጠፋ ተኳሾቹ እንፋሎቱን ይጨርሱታል፣ ጠቋሚው መውረድ አለበት። አምስት ደቂቃ ጠበቅን፤ አራት። አሥር ደቂቃ፤ አራት። መስተዋቱን በጣቴ መታ መታ አደረግሁት፣ ንቅንቅ አላለም። መለኪያው ተበላሽቷል፤ ውስጥ ያለው ግፊት ስንት እንደሆነ አላውቅም።

ግድግዳው ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ሮጬ ገብቼ ውጡ እያልኩ እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም። ባለቤቴ ይቺን የትራስ ልብስ ልጨርስ ስትለኝ ክንዷን ይዤ ጎትቼ አወጣኋት። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወርዶ የሆስፒታሉን አንሶላ ማን ሊያደርስልኝ ነው እያለ ሰደበኝ። እኔ በዚያ በጠራራ ፀሐይ የወጡትን ሴቶች አሥራ አራት እስኪሞሉ እቆጥር ነበር።

የተጠራው የጥገና ቴክኒሻን መጥቶ ደህና መለኪያ ሲገጥም እሳቱ ከጠፋ ሰዓት አልፎታል። ስምንት አነበበ። ብረቱ የሚችለው ሰባት ነው። ትርፉን ማስተንፈስ የነበረበት ክዳንም በውሃው ዝቃጭ ተደፍኖ ደርቋል። ቴክኒሻኑ ላቡን ጠርጎ ማን እንደነቃበት ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ እኔን አየ። እኔ ወደ እሷ ጠቆምኩ።

አጥሩ ጥግ እጆቿን ጉልበቷ መሃል ቀብራ ተቀምጣለች። ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ላመሰግናት ነበር የሄድኩት። መጀመሪያ ግን ወረቀቱን መቼ እንዳገኘችው ጠየቅኋት።

«ሰኞ።»

እስከ ሐሙስ ምን ትጠብቅ እንደነበር ጠየቅኋት።

«ሁለቴ በርዎ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ» አለች ቀና ሳትል። «ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ፣ ጋሼ።»

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ባለቤቴ ከግቢው ማዶ ፊቷን በሻሿ እየጠረገች ታየኛለች። ሦስቱንም ቀን እዚያ ግድግዳ ሥር ስትተኩስ ነው የዋለችው።