«ማይና» ያለውን ሰው ፍለጋ

አሰብ የሄድኩት አንድ ድምፅ ፍለጋ ነው። ባንዳችን ክራርን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር አጋብቶ ለዓመታት ሰሚ አጥቶ ከርሞ፣ በመጨረሻ «ማይና» የተባለው ካሴታችን ወጣና በአንድ ክረምት አገር አዳረሰ። መርካቶ ሂዱ፣ ፒያሳ ሂዱ፣ ሙዚቃ ቤቱ ሁሉ የሚያጮኸው እሱን ነው። ካሴቱን ያሸጠው የኛ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በመግቢያው ላይ የአንድ ሰው ጩኸት አለ፤ «ማይናኣኣ!» ይላል፣ አንጀት ይበላል። ባለፈው ዓመት ለሥራ አሰብ በሄድን ጊዜ አንድ ጠዋት ከሆቴሉ ሰገነት ላይ ወደቡ አቅጣጫ ቴፕ ደቅኜ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ማይና የሴት ስም መስሎን የፍቅር ግጥም ገጠምንላት። አሁን ትልቅ ኮንሰርት ስለተዘጋጀ፣ ባለድምፁን ፈልጌ እንዳመጣ ጓደኞቼ ላኩኝ።

ከአዲስ አበባ እስከ ቡሬ

ጎህ ሲቀድ በተሳቢ መኪና ተነሳን። ጋቢናው ውስጥ እኔና ሾፌሩ ጋሽ በቀለ ብቻ ነን። ለምን እንደምሄድ አልነገርኩትም ነበር። አዋሽ ላይ የፍየል ጥብስ ያቀረበችልን ሴት ሕፃን አዝላለች። የልጅቷን ስም ብጠይቃት «ማይና» አለችኝ። ደረቴ ተነፋና ዘፈኑ የኛ መሆኑን አወራሁ። ጋሽ በቀለ ትን እስኪለው ሳቀ፤ ምክንያቱን የነገረኝ ግን መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው።

«አንተ፣ ማይና እኮ የጣሊያን ቃል ነው! የወደብ ሰው ለክሬን ነጂው የሚጮኸው። ጭነቱን ከፍ አድርግ ሲል ‹ቪራ›፣ አውርድ ሲል ‹ማይና›። ምስኪኗን ልጅ ‹አውርድ› ብለው ስም አወጡላት!»

እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ለክሬን የፍቅር ዘፈን ዘፍነን አገር አስጨፈርን! ይህን ለጓደኞቼ እስክነግራቸው ቸኮልኩ።

ሚሌ አደርን። ከሎግያ ወዲያ ጥቁር ድንጋይ፣ ነፋስና አቧራ ነው፤ የያዝነው ውሃ ሻይ ሊፈላበት ምንም አልቀረው። ቡሬ ላይ ወረቀታችን ታየና ቁልቁል ወደ ባሕሩ ወረድን።

አሰብ

ቀትር ላይ ደረስን። ወደቡ አጠገብ እንድሪስ የሚባል የወሎ ሰው ሱቅ አለው። ሰላምታ ተለዋውጠን ቀዝቃዛ ለስላሳ ከሰጠኝ በኋላ ካሴቱን አሳይቼ ባለድምፁን ያውቀው እንደሆነ ጠየቅሁት። ፊቱ ጠቆረ።

«ወንድሜ፣ እሱን እዚህ ሱቅ አናጫውተውም። ያሲን በዚህ ያልፋል።»

ሱቁን ዘግቶ ወደ ሠራተኞች ሰፈር ወሰደኝ። ያሲን ደጁ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ጎልማሳ ነው፣ ትከሻው ሰፊ። እንድሪስ ማንነቴን ሲነግረው ትኩር ብሎ አየኝ።

«ድምፁ የኔ ነው» አለ። «ለክሬን ነጂው ምልክት ሰጪ ነበርኩ። ያን ጠዋት ጭነቱ ተንጠልጥሎ እየወረደ ሳለ ወንድሜ ሰዒድ ሥሩ ገባ። ቪራ ልል ነበር። ወላሂ፣ ልቤ ቪራ ነው ያለው። አፌ ማይና አለ።»

ክሬን ነጂው እንደታዘዘው አወረደው።

በቀዳሁት ቴፕ ላይ ከጩኸቱ ቀጥሎ የብዙ ወንዶች ሁካታ ነበረ። በሥራ መሐል የሚጫወቱ መስሎን ቆርጠን ጥለነዋል። ሳልጋበዝ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«ለእናታችን ክሬኑ ተበላሽቶ ነው አልናት» አለ ያሲን። «ካሴታችሁ ሲመጣ ድምፄን ለየች፤ የዘወትር ትእዛዝ ሳይሆን የድንጋጤ ጩኸት መሆኑንም። የወደብ ሰው እናት ናት፣ ቃሉን ታውቀዋለች። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም።»

«አብሽር ያሲን» አለው እንድሪስ፤ ድምፁ ግን ብርታት አልነበረውም።

ስለ ኮንሰርቱ ምን አፍ አለኝ? «ጋሽ ያሲን፣ ምን ላድርግልህ?» አልኩት።

«ቴፕ ይዘሃል? ቪራ ልበልና በዚያኛው ቦታ አግባልኝ። አንዴ በትክክል ልበለው። እሷም ትስማው።»

ቴፑን ከፈትኩ። ያሲን ተነሣ፣ እጁን ወደ ላይ አነሣ፣ አፉን ከፈተ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደግሞ ሞከረ። «ቪ...» ብሎ አቋረጠው። በሦስተኛው እጁን አውርዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እንድሪስም እንድሄድ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

መልስ

በዚያው መኪና ተመለስን። ጋሽ በቀለ የሆነውን ከነገርኩት በኋላ እስከ ቃሊቲ ሬዲዮ አልከፈተም። እኔ በሆዴ ዘፈኑን እንዴት እንደምናስቀር ሳወጣና ሳወርድ ቆየሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከያሲን ያመለጠውን ቃል ግን አፋፍ ላይ አውጥተን ለአገር ያሰማነው እኛ ነን። የማይገባኝን የሰው ጩኸት ስላማረኝ ብቻ ወስጄ ዘፈን አደረግሁት። ከዚህ ጉዞ ይዤ የመጣሁት ይህንን ነው፤ ምንም አያድንም።

ከቃሊቲ ውይይት ታክሲ ያዝኩ። ፊት ለፊት ተያይተን ተቀምጠናል። ሾፌሩ ካሴቱን ሲከት ያ ጩኸት ተሰማ፣ ተሳፋሪውም ተቀበለው፤ «ማይና፣ ማይና...» እኔ ብቻዬን «ቪራ» አልኩ። ደገምኩት፣ ጮክ ብዬ።

ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ወጣት ሳቅ ብላ ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ።

«ተሳሳትክ ወንድሜ፣» አለችኝ። «‹ማይና› ነው የሚለው።»